ነጥብ በነጥብ የሚራመደው ሰውና አብነቱ

የኮምፒውተር ጨዋታ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ፣ ከልጆቹ ወይም ከታናናሾቹ ትከሻ በስተኋላ ቆሞ አንድ ቀን ሳያየው የቀረ አይመስለንም፤ ከጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ተሰድሮ የተሠራ፣ ራሱ ከአካሉ የማይመጣጠን፣ ባርኔጣ የደፋ ወይም ሰይፍ የታጠቀ አንድ ድንክዬ ሰው፣ ከግራ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲገሠግሥ፣ ገደል ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ሞቶም ወዲያው ሲነሣ። ይህ ሥዕል በተወለደበት ዘመን፣ ማለት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጥቃቅኑ ማዕዘን የመሣሪያው ድህነት እንጂ የሠዓሊው ምርጫ አልነበረም። ዛሬ መሣሪያው የፈለጉትን ሁሉ ለማሳየት ከበቃ በኋላ ግን፣ ብዙ ጠቢባን ሰፊውን ከተማ ትቶ ወደ ጠባብ በኣት እንደሚገባ መናኝ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ወደዚያው ጥበት ተመልሰዋል። በ2016 የወጣው ስታርዱ ቫሊ የተባለው የግብርና ጨዋታ፣ ሥዕሉም ዜማውም ድርሰቱም በአንድ አሜሪካዊ እጅ ብቻ የተሠራ መሆኑን የሰማ ወጣት፣ እኔስ ለብቻዬ ምን ያቅተኛል የሚል ተምኔት ቢያድርበት አያስደንቅም።

ይህን ሙያ፣ በተለምዶ ፒክስል አርት የሚባለውን፣ ለመማር የተነሣ ሰው አሴፕራይትን በመሰለ የሥዕል ፕሮግራም ባዶ ገጽ ከከፈተ በኋላ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር በየትም አገር ቢሆን ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚወድደውን ጨዋታ ባለታሪክ ከኢንተርኔት አውርዶ ከባዶው ገጽ አጠገብ ያቆመዋል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ወደዚያ አንድ ጊዜ ወደ ራሱ ገጽ እየተመለከተ፣ ነጥቦቹን፣ ማለት እነዚያን ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች፣ መደርደር ይጀምራል። ያ አጠገቡ የቆመው ሥዕል አብነቱ ነው፤ ወጣቶቹ ሬፈረንስ ይሉታል። ያለ አብነት የተማረ ሠዓሊ በታሪክ አልታየምና፣ ጥያቄው አብነት ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚል አይደለም፤ ዓይን ከአብነቱ ምን ሊወስድ፣ እጅስ ምን ሊተው ይገባዋል የሚል ነው። ጥያቄው በማናቸውም የሥዕል ዓይነት ያለ ቢሆንም፣ በነጥብ ሥዕል ላይ፣ ይልቁንም ሰውዬው በሚራመድበትና በሚዘልበት በአኒሜሽኑ ክፍል፣ ከሌላው ሁሉ ጠንክሮ የሚመጣበት የራሱ ምክንያት አለው።

256 ነጥብ፣ 256 ውሳኔ

ከቀድሞ ጨዋታ ባለታሪኮች ብዙዎቹ የኖሩበት ቦታ 16 በ16 የሆነ ፍርግርግ ነው፤ ይኸውም በጠቅላላው 256 ነጥብ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂት የማይባለው በሰውዬው ዙሪያ ያለ ባዶ አየር ነው። በ1983 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም መሣሪያ ደግሞ ለአንድ የተንቀሳቃሽ ምስል ቁራጭ ከሦስት ኅብር በላይ አይፈቅድም ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለዓይን አንድ ነጥብ፣ ለእጅ ሦስት ነጥብ ሲደርሳቸው፣ ያ የዓይን ነጥብ በአንድ ማዕዘን ዝቅ ቢል ደስተኛው ሰው የተከዘ ይሆናል፤ በአንድ ማዕዘን ወደ ጎን ቢሸሽ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ሺገሩ ሚያሞቶ በ1981 ለዶንኪ ኮንግ ጨዋታ ኋላ ማሪዮ የተባለውን ሰው ሲሥል ጢም ያበቀለለት፣ በዚያ ጥበት አፍ መሣል ስላልተመቸውና አፍንጫው ጎልቶ እንዲታይ ስለ ፈለገ ነው፤ ባርኔጣ የደፋለት ሲዘል የሚንቀሳቀስ ጠጉር ከመሣል ለመዳን ነው፤ እጅጌውን ከቀረው ልብሱ በኅብር የለየለትም የክንዱ ውዝዋዜ ከሆዱ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ያ መልክ እንግዲህ ከጌጥ ፍላጎት የተወለደ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር ለአንድ ችግር የተሰጠ መልስ ነው።

በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የሚሠራ ደቀ መዝሙር የመምህሩን ሥራ ሲገለብጥ፣ የእጁ ንዝረትና የብሩሹ አያያዝ ሳይፈልገውም የራሱን ጠባይ ያገቡበታል፤ ቅጂው ቅጂ ሆኖ ሳለ የገልባጩ አሻራ አይጠፋበትም። በነጥብ ሥዕል ግን ይህ መሸሸጊያ የለም። ነጥቡ በዚያ ቦታ አለ ወይም የለም፤ በመካከሉ የሚያመነታ እጅ ሊገባበት የሚችል ክፍተት አይገኝም። ስለዚህም መቶ ነጥብ የገለበጠ ሰው መቶ ውሳኔ ወስዷል፤ ያውም ባለቤቱ ወደዚያ ውሳኔ የደረሰበትን ምክንያት ሳያውቅ ነው የወሰደው።

«መቶ ነጥብ የገለበጠ ሰው መቶ ውሳኔ ወስዷል»

ጀማሪዎች አዘውትረው የሚያቀርቡት መልስ «ኅብሩን ለውጬዋለሁ» የሚል ነው። ቀዩን ባርኔጣ አረንጓዴ አድርጎ፣ ሰይፉን በጦር ተክቶ፣ ፊቱን ትንሽ አጠይሞ ሥራው የራሱ እንደ ሆነ በቅን ልቡና የሚያምን ወጣት ጥቂት አይደለም፤ በቅንነቱም አንጠራጠርም። ነገር ግን በአኒሜሽን ውስጥ ዋናው ሀብት ኅብሩ አይደለም፤ የአካሉ ጥላ በየፍሬሙ፣ ማለት እንቅስቃሴው በተከፈለበት በእያንዳንዱ ሥዕል፣ የሚይዘው ቅርጽና ጊዜው ከፍሬም ወደ ፍሬም የተከፈለበት ሥርዓት ነው። ስምንት ፍሬም ያለውን ሩጫ ወስዶ ኅብሩን የለወጠ ሰው ልብሱን ለወጠ እንጂ ሯጩን አልለወጠም፤ ጨዋታውን የሚያውቅ ተመልካችም ገና ሁለተኛው እርምጃ ሳይፈጸም ሯጩን ይለየዋል።

ሠዓልያን ያላዩት ፈረስ

የሌላውን ሥዕል ብቻ እያዩ መሣል ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ወደ 1878 መመለስ ይበቃል። ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ፎቶ አንሺ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ በባለጸጋው በሌላንድ ስታንፎርድ ወጪ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ካሜራዎችን አቁሞ የምትጋልብ ፈረስ ባነሣ ጊዜ፣ አራቱም ኮቴዎች ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ ተረጋገጠ። ነገር ግን ያ ቅጽበት ሠዓልያን ሲሥሉት እንደ ኖሩት እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተዘረጉበት ጊዜ ሳይሆን፣ ከሆዷ ሥር በተሰበሰቡበት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ስንት ትውልድ ሠዓሊ ከሠዓሊ ተቀብሎ ያስተላለፈው ግልቢያ ስሕተት ኖሯል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሥዕል እንጂ ፈረሱን አላየምና። ማይብሪጅ በ1887 ያሳተመው፣ 781 ሠሌዳ ያለው የሰውና የእንስሳት እንቅስቃሴ ስብስብ የባለቤትነት ዘመኑ ያለፈ ስለሆነ፣ ዛሬም ማንም ተማሪ ያለ ፍርሃት ሊመለከተው፣ ሊጠቀምበትም ይችላል፤ የነጥብ ሠዓልያንም በሰፊው ይጠቀሙበታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማክስ ፍሌሸር፣ በፊልም የተቀረጸን ሰው ፍሬም በፍሬም በመስተዋት ላይ አብርቶ በእርሳስ ለመከተል የሚያስችለውን ሮቶስኮፕ የተባለ መሣሪያ ፈልስፎ በ1917 የፈጠራ ባለመብትነቱን አገኘ፤ የመጀመሪያውን አብነት አካል የሰጠውም የኮሜዲ ልብስ ለብሶ በካሜራው ፊት የዘለለው ወንድሙ ዴቭ ነበር። የዲዝኒ ሠዓልያን በ1937 ለወጣው ስኖው ዋይት ፊልም አንዲት ዳንሰኛ ቀርጸው ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን ፊልሙን እንዳለ ከተከተሉት ሥዕሉ እንደሚደነዝዝ ስለ ተገነዘቡ፣ ከፊልሙ ክብደቱንና ጊዜውን እየወሰዱ ቅርጹን በገዛ እጃቸው አጋነኑት። ይህ ልምድ ለነጥብ ሠዓሊ ከሁሉ የሚጠቅም ነውና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በመኪና ማቆሚያው ሜዳ

ጆርዳን ሜክነር ገና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ የካራቴ መምህሩን በሱፐር 8 ፊልም ቀርጾ ከእንቅስቃሴው እየተማረ የሠራውን ካራቴካ የተባለውን ጨዋታ በ1984 ያወጣ ወጣት ነው። በ1985 ደግሞ፣ ኋላ በ1989 ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ (የፋርስ ልዑል) ተብሎ የወጣውን ሥራ ሲያስብ፣ ራሱን የተዋጣለት ሠዓሊ አድርጎ አይቆጥርም ነበርና፣ ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ በኒው ዮርክ ግዛት በቻፓኳ ከተማ ወደሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ወሰደው። ልጁ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ፊቱን ያዞራል፤ ታላቁ በቪዲዮ ካሜራ ይቀርጸዋል።

ከሜዳው መልስ የተከተለው ድካም ግን ለዛሬ ተማሪ ተረት ይመስለዋል። ሜክነር ቪዲዮውን በቴሌቪዥን ላይ እየከፈተና በየፍሬሙ እያስቆመ፣ ክፍሉን አጨልሞ የቴሌቪዥኑን ገጽ በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶውን ያሳጥባል፤ የልጁን አካል በጥቁር ማርከርና በነጭ ማጥፊያ ቀለም ከጀርባው ለይቶ ጥላ ብቻ ያደርገዋል፤ ያንን በፎቶ ኮፒ አንሥቶ በሌላ ካሜራ በኩል ወደ አፕል 2 ኮምፒውተር ያስገባዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኘው ሯጭ ሳይሆን የሯጭ ፍርስራሽ ነው፤ ጠርዙ የተበሳሳ፣ ጣቱ ከጉልበቱ የተቀላቀለ። ሥራው በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ነጥብ ይቅር፣ የትኛው ይጨመር፣ ክንዱ በዚህ ፍሬም ቢጠፋ ዓይን ይታለል እንደ ሆነ ወይም ይሰናከል እንደ ሆነ እያንዳንዱን መርምሮ መወሰን። ያ ድካም ያስገኘው ልዑል የኋለኛው ዘመን ጨዋታ ሠሪዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ሆነ፤ ሲሮጥ ክብደት አለው፤ ቁም ሲሉት ጥቂት ተንሸራትቶ ነው የሚቆም፤ ከግንብ ጫፍ ሲንጠለጠል ክንዱ እንደሚዝል ይታወቃል።

ሜክነር ምንጩን የደበቀበት ጊዜ የለም። የዕለት ማስታወሻውን መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል፤ የወንድሙንም ቪዲዮ ማንም እንዲያየው አውጥቶታል። ልዑሉ ማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ሜዳ እንደ ሮጠ ተመልካቹ ቢያውቅ ከሥራው የሚጎድል ነገር እንደሌለ ያውቅ ነበር።

ከሮቢን ሁድ የተበደረ ሰይፍ

ነገሩ የሚወሳሰበው በሰይፉ ላይ ነው። ሁለቱም ወንድማማቾች የሰይፍ ግጥሚያ ጥበብ አያውቁምና፣ ሜክነር በ1938 ከወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም ውስጥ ኤሮል ፍሊንና ባዝል ራዝቦን የተጋጠሙበትን ትዕይንት ወሰደ፤ ከዚያም ሁሉ ውስጥ የጠቀመው ሁለቱ ተጋጣሚዎች ፍጹም ከጎን በኩል የሚታዩበት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር። የወንድሙ ሩጫ የራሱ ንብረት ነው ብንል፣ ይህ ግን የሌላ ሰው ፊልም ነው። ታዲያ እንዴት እንፍረድ?

በዚህ ላይ ሙያተኞች አንድ ልብ አይደሉም። ጨዋታ በመሥራት የሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው አስተያየት ለዘብ ያለ ነው፤ ሰይፍ መምዘዝና መመከት የማንም ርስት አይደለም፤ ከፊልሙ የተወሰደው ክንድ የሚዘረጋበት ማዕዘንና ጊዜ እንጂ የተዋናዩ መልክ፣ ልብሱ፣ የፊልሙ ብርሃን አይደለም ይላሉ። አኒሜሽን የሚያስተምሩ መምህራን ግን ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውን ከዚህ መንገድ ያርቃሉ፤ ምክንያታቸውም ሕግ ሳይሆን ትምህርት ነው፤ ተዋናይ የተጫወተው እንቅስቃሴ በዳይሬክተር ተመርጦ፣ በመቁረጫ ተቆርጦ የመጣ ነውና፣ ተማሪው የሌላውን ምርጫ እንደ ተፈጥሮ አድርጎ ይቀበላል። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው የሜክነር ሥራ የሚጸድቀው በሁለት ነገር ነው፤ ከፊልሙ የወሰደው ጥቂት አቋቋም በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ በገዛ እጁ የሚያዝዛቸው ማጥቃትና መመከት ወደ መሆን ተለውጦ ፈጽሞ ሌላ ነገር ሆኗል፤ እርሱም ከየት እንዳገኘው በግልጥ ተናግሯል። አንዱ ቢጎድል ሌላው ብቻውን ባልበቃው ነበር።

ከሠላሳው ስምንቱን መምረጥ

የሜክነርን ሳምንታት ዛሬ አንድ የእጅ ስልክ ተክቷቸዋል። ተማሪው ስልኩን በበርጩማ ላይ አስደግፎ በወገብ ከፍታ ያቆመዋል፤ ወንድሙ ወይም እኅቱ በግቢው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በፊቱ ይራመዳሉ። ስልኩ በአንድ ሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል፤ ሰው ቀኝና ግራ እግሩን አንድ ዙር ለማፈራረቅ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከነዚህ 30 ያህል ሥዕሎች ውስጥ ለጨዋታው የሚፈለጉት ስምንት ብቻ ናቸው። (በመንገድ የሚያልፈውን ሽማግሌ ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ግን ነውር ነው፤ አካሄድም እንደ መልክ የባለቤቱ ነው።)

ስምንቱ የሚመረጡት በዘፈቀደ አይደለም። በአኒሜሽን ትምህርት የታወቁ አራት አቋቋሞች አሉ፤ ሪቻርድ ዊሊያምስም በ2001 ባሳተመው የአኒሜተሮች መመሪያ በሰፊው አብራርቷቸዋል፤ ተረከዝ መሬት የሚነካበት፣ ጉልበት ታጥፎ የአካልን ክብደት የሚቀበልበት፣ የኋላው እግር የፊተኛውን የሚያልፍበት፣ አካል በእግር ጣት ተገፍቶ ወደ ላይ የሚነሣበት። አራቱ ለቀኝ፣ አራቱ ለግራ ሲሆኑ ዙሩ ይሞላል። ቁመቱ 32 ነጥብ የሆነ ሰው ብንወስድ፣ በሁለተኛው አቋቋም ራሱ አንድ ነጥብ ዝቅ ይላል፤ በአራተኛው አንድ ነጥብ ከፍ ይላል። አንዷ ነጥብ ሁለት ብትሆን ሰውዬው መራመዱን ትቶ ይፈነጥዛል፤ ፈጽማ ብትቀር እግሩ እየተንቀሳቀሰ አካሉ በመሬት ላይ ይንሸራተታል። የወዲያኛው እግር ከወዲህኛው ጠቆር ካላለ ደግሞ ሁለቱ በሚያልፉበት ፍሬም ላይ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም፤ ተመልካቹም ሰውዬው ሲያነክስ ያያል። እነዚህን ነገሮች ከሌላ ሰው ሥራ በመገልበጥ ማግኘት ይቻላል፤ ለምን አንድ ነጥብ እንደ ሆነች ግን አይገኝም፤ ስለዚህም ገልባጩ በማግሥቱ እንስራ የተሸከመች ሴት አራምድ ቢባል መግቢያው ይጠፋዋል።

«ጥናት ተብሎ የተጀመረው ፋይል ሰንበት ብሎ ባለታሪክ ሆኖ ይገኛል»

ቪዲዮውን በፕሮግራም ብቻ ወደ 32 ነጥብ ማሳነስም መፍትሔ አይሆንም፤ ጠርዙ በየፍሬሙ ይንቀጠቀጣል፤ በአንዱ ፍሬም የነበረ ጉልበት በሚቀጥለው ይጠፋል። በ2018 የወጣው ዴድ ሴልስ ጨዋታ ሠሪዎች ባለታሪኮቻቸውን በሦስት ገጽታ ቅርጽ ሠርተው ወደ ነጥብ ሥዕል የቀየሩት መሆኑ እውነት ነው፤ እነርሱ ግን ያሳነሱት አስቀድመው በራሳቸው ያነጹትን አካል ነው። ተማሪ የሚመከረው የመረጣቸውን አቋቋሞች ተመልክቶ ቪዲዮውን እንዲዘጋ፣ አካሉን በቀጭን መስመር፣ ራስ፣ አከርካሪ፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር ብቻ አድርጎ እንዲሥል፣ ሥጋውን ኋላ እንዲያለብስ ነው። ያለፈው ፍሬም ደብዝዞ ከሥር የሚታይበት የፕሮግራሙ ክፍል እዚህ ላይ ትልቅ ረዳት ነው፤ የራስን የትናንት ነጥብ መከተል ማንንም አይበድልም።

የሌሎች ሠዓልያን ሥራ ታዲያ መቼ ይከፈት? ሰው እንዴት ይራመዳል የሚለው ጥያቄ በሰው አካል ከተመለሰ በኋላ፣ ጉልበት በሁለት ነጥብ እንዴት ይታጠፋል፣ ነጠላ በሦስት ኅብር እንዴት ይውለበለባል የሚሉ፣ የዚህ ሙያ ብቻ የሆኑ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ለነዚህ መልስ የሰጡት የቀድሞ ጠቢባን ናቸውና ሥራቸው ይከፈታል፣ ነጥቡ ይቈጠራል፣ ኅብሩ ይመረመራል። መምህራን የሚያዝዙት አንድ ልምምድ ደስ ይለናል፤ ተማሪው አንድን ሥዕል አትኩሮ ካየ በኋላ ዘግቶ ከትዝታው እንዲሠራው፣ ከዚያ ከፍቶ እንዲያስተያየው። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ሁሉ ተማሪው ሳያይ ያየው መስሎት ያለፈው ነገር ነው። ነጥብ በነጥብ መገልበጥንም ፈጽሞ የሚያወግዙ አሉ፤ እኛ ግን ለእጅ ማፍታቻ ከሆነ፣ በተለየ አቃፊ ተቀምጦ የባለቤቱ ስም ከተጻፈበት ጉዳት አናይበትም። ጉዳቱ ያለው በሌላ በኩል ነው፤ ጥናት ተብሎ የተጀመረው ፋይል ሰንበት ብሎ ባለታሪክ ሆኖ ይገኛል፤ ዛሬ ባርኔጣው ተለወጠ፣ ነገ ጫማው፣ ከነገ ወዲያ ተማሪው ራሱ ከየት እንደ ጀመረ ይዘነጋዋል። የራስ ባለታሪክ ከባዶ ገጽ ይጀመር የሚለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው።

ከሮማ የመጣችው ሥዕል

አብነት ተቀብሎ የራስ ማድረግን በተመለከተ የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ቅርብ ምስክር አለው። በሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን እጅ ወደ አገራችን ከደረሱ ወዲህ፣ ሠዓልያኑ ምስለ ፍቁር ወልዳ ለሚባለው ሥዕል አብነት አድርገው ተቀበሏት። ዛሬ ሥዕሎቹን አጠገብ ለአጠገብ ያቆመ ሰው የተወሰደውን በቀላሉ ያያል፤ የቀኝ እጇ በግራው ላይ መደረቡ፣ ሁለቱ ጣቶች ወደ ታች መዘርጋታቸው፣ በእጇ የያዘችው መሐረብ፣ የሕፃኑ መጽሐፍ። ያልተወሰደውም እንደዚሁ ይታያል፤ የሮማው የፊት ጥላ ቀርቶ ጥርት ያለ መስመርና ምሉዕ ኅብር ተተክቷል፤ ዓይኖቹ ጎልተዋል፤ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ ቆመዋል። እንዲሁም በ1590ና በ1591 በሮማ በታተመው የዐረብኛ ወንጌል ውስጥ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሠራቸው ሥዕሎች በጎንደር ዘመን ለወንጌል ሥዕሎች አብነት ሆነዋል፤ ከእነርሱም የተወረሰው የሰዎቹ አደራደር ሲሆን ፊቱ፣ ልብሱና ኅብሩ የጎንደር ነው።

እነዚያ ሠዓልያን ምንጫቸውን አልጻፉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውንም ስም አልጻፉም። ሥዕሉ ለጸሎት እንጂ ለገበያ አልነበረምና የባለቤትነት ጥያቄ በዚያ መልክ አይነሣም ነበር። ዛሬ ግን አንድ ባለታሪክ የአንድ ሰው የብዙ ዓመት እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ከጎንደር ሠዓልያን የለውጡን ድፍረት እንጂ የስሙን ዝምታ ልንወርስ አንችልም።

ሕጉ፣ ስሙና ጥርጣሬው

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳብ የተገለጠበትን ሥራ ነው፤ የብዙ አገሮችም ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው። ጢም ያለው ዘላይ ሰው ሐሳብ ነው፤ ያ ጢም፣ በዚያ ኅብር፣ በዚያ ዝላይ ላይ ሲሆን ሥራ ነው። ለግል ጥናት ቤት ውስጥ የሚገለበጥና ለሰው የሚታይ ወይም የሚሸጥ ደግሞ አንድ አይደሉም። የሕግ ሰዎች ከዚህ በላይ ይራቀቁበታል፤ ተማሪውን ግን ከሕጉ ይልቅ ቀድሞ የሚያገኘው ይሉኝታው ነው፤ ሥራውን ለቀጣሪ ባሳየ ጊዜ፣ ከቀጣሪዎቹ አንዱ ያንን ሩጫ በልጅነቱ ሲጫወተው ያደገ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ለከሳሾችም ሊነገር ይገባል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሠዓልያን ሳይተያዩ አንድ መልስ ላይ መድረሳቸው የማይቀር ነው፤ በ16 ነጥብ ስፋት ውስጥ ራስ ቁር የደፋ ወታደርን መሥራት የሚቻልበት መንገድ ብዙ አይደለምና። በአንድ ቁም ሥዕል መመሳሰል ብቻ ሰውን ሌባ ማለት ግፍ ነው። ጥርጣሬው የሚጠነክረው እንቅስቃሴው ሁሉ፣ ስሕተቱም ሳይቀር፣ ሲገጥም ነው፤ ባለቤቱ በአምስተኛው ፍሬም ላይ የረሳት አንዲት ነጥብ በሌላው ሥራ ላይም በአምስተኛው ፍሬም ከተገኘች አጋጣሚ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪዎች የስልኩን ቪዲዮ፣ የመስመሩን ንድፍ፣ የተጣሉትንም ፍሬሞች ያስቀምጣሉ፤ አንዳንድ ቀጣሪዎችም ካለቀው ሥራ ይልቅ እነዚያን አሳዩን ማለት ጀምረዋል።

ለመገልበጥ ሳይሆን ለመጠቀም የሚፈልግ ደግሞ የተፈቀደለት በር አለው። አንዳንድ ሠዓልያን ሥራቸውን ሲሲ ዜሮ በሚባለው ፈቃድ ያለ ምንም ግዴታ ለሁሉ ይለቅቁታል፤ ሌሎች ስማችን ይጻፍ፣ ሌሎችም ከኛ ወስዳችሁ የለወጣችሁትን እናንተም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁት ይላሉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንና ኦፕን ጌም አርት በ2012 ሊበሬትድ ፒክስል ካፕ በተባለው ውድድር አማካይነት አንድ የጋራ የባለታሪክ አካል አበርክተዋል፤ ከዚያም ወዲህ በርካታ ሠዓልያን በዚያው አካል ልክ ጠጉር፣ ካባ፣ ጫማ፣ ሰይፍ እየሠሩ ጨምረውበታል። ማንም ሰው ከእነዚህ አሰባጥሮ የራሱን ባለታሪክ ሊያቆም ይችላል፤ ለዚሁ የተሠራው የማሰባሰቢያ ፕሮግራምም የእያንዳንዱን ክፍል ሠሪ ስም ከነፈቃዱ ጽፎ ይሰጠዋል። ዝርዝሩ አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል፤ አካሉ የአንዱ፣ ጠጉሩ የሌላው፣ ቀሚሱ የሦስት ሰዎች እየሆነ፣ በጨዋታው መጨረሻ ላይ የአንዲት መንደርተኛ ሴት ልብስ ብቻ ከዋናው ደራሲ ስም ይልቅ ብዙ መስመር ይይዛል። ዝርዝሩን ማሳጠር ግን በፈቃዱ ውስጥ የለም።